መሐንዲሱን የሚልከው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ አቅራቢያ ሳቫር የነበረው ባለ ስምንት ፎቅ ራና ፕላዛ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ። ስንጥቁ የታየው በዋዜማው ነበር። ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ወዲያው ተዘጉ፤ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግስቱ ሥራ ግቡ ተባሉ። እምቢ የሚልላቸው የሠራተኛ ማኅበር አልነበራቸውም፣ የትዕዛዙ ማስረከቢያ ቀንም ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሕንፃ ልብስ ከሚገዙት የምዕራብ ኩባንያዎች ብዙዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ደንቡ መከበሩን የሚያጣራው ማኅበራዊ ኦዲት ግን የተሰነጠቀ ምሰሶ ለማየት የተሠራ አይደለም። ኦዲተሩ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ የደመወዝ መዝገብና የእሳት ማጥፊያ ያያል እንጂ የወለል ሸክም አያሰላም። ብዙ ጊዜ የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚከፍለው ፋብሪካው ወይም ገዢው ነው፣ ሪፖርቱም ሠራተኛው እጅ አይገባም። ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ በሴፕቴምበር 2012 ሲቃጠል ከ250 በላይ ሰው አለቀ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩ። ፋብሪካው ኤስኤ 8000 የተባለውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ሳምንታት ብቻ ሆኖት ነበር።

በሜይ 2013 የተፈረመው የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት፣ የባንግላዴሽ አኮርድ፣ ከዚህ የሚለየው ውል መሆኑ ነው። በአንድ ወገን ኢንደስትሪኦልና ዩኒ የተባሉት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ፌዴሬሽኖች፣ በሌላው በኋላ ከ200 ያለፉ ገዢ ኩባንያዎች ፈረሙ። ኩባንያዎቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ገለልተኛ መሐንዲሶች ፋብሪካውን በሦስት በኩል፣ ማለትም በእሳት፣ በኤሌክትሪክና በሕንፃ አቋም ይመረምራሉ። ውጤቱ በፋብሪካው ስም ለሕዝብ ይወጣል፣ የእርምት ዕቅድም የጊዜ ገደብ ይቆረጥለታል። ፋብሪካው ለጥገና ሲዘጋ ሠራተኛው እስከ ስድስት ወር ደመወዙ ይጠበቅለታል። ፋብሪካው አላርምም ካለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ በመጨረሻ ፈራሚዎቹ ሁሉ ግዢ ያቆሙበታል። አንዱ ገዢ ሲወጣ ሌላው ይተካል የሚለው የፋብሪካ ባለቤቶች መተማመኛ እዚህ ላይ ይቆማል።

መሐንዲሶቹ ሲገቡ ያገኙት የሚቆለፍ መውጫ፣ የእሳት በር የሌለው ደረጃ፣ ጨርቅ ከአቅሙ በላይ የተከመረበት ወለል ነው። እርምቱ በተደጋጋሚ የተጓተተው ግን በገንዘብ ነው፦ ገዢው የልብሱን ዋጋ ሳይጨምር ፋብሪካው የእሳት በርና የማንቂያ ደወል ከየት አምጥቶ ይግዛ? ውሉ ለጥገናው የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን የማረጋገጥ ግዴታ ገዢው ላይ ጥሏል። ሠራተኛ ፌዴሬሽኖቹ ሁለት ኩባንያዎችን ሄግ ላይ በግልግል ዳኝነት ከሰሱ፤ አንዱ በ2018 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የበጎ ፈቃድ ደንብ እንዲህ ያለ ክፍያ ሊያስገድድ አይችልም።

አኮርዱ ስለ ደመወዝ መጠን አይናገርም። ይህ ትልቅ ጉድለቱ ነው። በ2021 ዓለም አቀፍ ሆኖ ቀጥሎ ወደ ፓኪስታንም ተሻገረ፤ ኢትዮጵያ ግን አልደረሰም። ስለዚህ የአኮርዱ ፈራሚ የሆነ ኩባንያ እንኳ ሀዋሳ ካለ ፋብሪካ ሲገዛ ያ ውል አይይዘውም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ለደመወዙ ጥያቄ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በእጁ ያለው የሕግ መያዣ እሱ ነው። ለሕንፃው ደኅንነት ግን ገዢውን በስሙ ተጠያቂ የሚያደርግ ውል ገና መጠየቅ አለበት።