ድሬዳዋ ተቀምጦ ለትዳር ጓደኛ የካናዳ ፕሮሰስ መጀመር

የካናዳ ዜግነት ያለው ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ከትዳር ጓደኛው ጋር እየኖረ እሱን ወይም እሷን ካናዳ ለመውሰድ ፕሮሰስ ሲጀምር፣ ብዙዎች ጉዳዩን እንዳለቀለት አድርገው ይቆጥሩታል። «አንቺ ዜጋ ነሽ፤ ባልሽም አብሮሽ ነው ያለው፤ ታዲያ ምን ያስቸግራል?» የሚለውን ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አብሮ መኖር ትልቅ ማስረጃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ስፖንሰሩ፣ ማለትም የትዳር ጓደኛውን ለመውሰድ ኃላፊነት ወስዶ የሚያመለክተው ሰው፣ ራሱ ከካናዳ ውጭ ሲኖር፣ ፋይሉ እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡ ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል። በአንድ በኩል እዚህ ያለን ኑሮ የእውነት ትዳር መሆኑን፣ ሥር የሰደደ መሆኑን ማሳየት አለብን፤ በሌላ በኩል ደግሞ ይህንኑ ሥር የሰደደ ኑሮ ነቅለን ቶሮንቶ ለመትከል መቁረጣችንን ማሳየት አለብን። አንዱን ብቻ አጠንክሮ ሌላውን የረሳ ፋይል፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢወፍር ጎደሎ ነው።

እኔ ወደ ድሬዳዋ የተመለስኩት እናቴን ለማስታመም ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የምኖረው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በምንለው፣ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነውም እዚሁ ነው። ለእሱ ማመልከት እንደምችል ስንመለከት መጀመሪያ ያጣራነው ነገር፣ ከካናዳ ውጭ የሚኖር ሰው የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ማድረግ የሚችለው ዜጋ ከሆነ ብቻ መሆኑን ነበር። ቋሚ ነዋሪ የሆነ፣ ማለትም ፒአር ብቻ የያዘ ሰው፣ ኑሮውን ድሬዳዋ አድርጎ ማመልከት አይችልም፤ ለማመልከት ካናዳ ውስጥ መኖር አለበት። ይህን ሳያውቁ እዚህ ቁጭ ብለው ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ስላሉ፣ ከሁሉ በፊት ይህ መታወቅ አለበት እላለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ እዚህም የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ጎረቤታችን ሐረሪ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የፌዴራሉ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል፤ ሆኖም በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ቁርባንም ሆነ በቃዲ ፊት የታሰረ ኒካህ፣ ሰማንያም ቢሆን፣ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዶ ተመዝግቦ ሰርተፊኬት ካልወጣለት በፋይል ላይ ደካማ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጋቡ ሰዎች ይህን ማሟላት ላይ ጊዜ ቢወስድባቸው ሊገርማቸው አይገባም።

በተለይ ደግሞ ይህን በአጽንኦት ልናገር፦ በስልክ ወይም በውክልና የሚፈጸም ጋብቻ ለካናዳ ፕሮሰስ አይሆንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰኔ 11 ቀን 2015 ጀምሮ፣ አንደኛው ወገን በአካል ሳይገኝ በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በተወካይ የተፈጸመ ጋብቻ የትዳር ጓደኛን ለመውሰድ መሠረት መሆኑ ቀርቷል። የእኛም ሕግ ቢሆን ተጋቢዎቹ ራሳቸው ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ነው የሚያዝዘው፤ ውክልናን የሚፈቅደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና ሲፈቀድ ብቻ ነው። በድሬዳዋና በሐረር በርካታ ቤተሰብ በባሕር ማዶ ያለ ልጁን በስልክ ስለሚድር፣ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ይህን ቢያውቁት የብዙ ወጣቶች ዕንባ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ልግባ። የካናዳ ደንብ፣ ጋብቻው በዋነኛነት የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም እውነተኛ ካልሆነ፣ እንደ ትዳር አይቆጥረውም፤ ከሁለቱ አንዱ መገኘቱ ብቻ ለውድቀት ይበቃል። ስለ ግንኙነት የሚጠይቀው ፎርም መቼና የት እንደተዋወቃችሁ፣ ማን እንዳስተዋወቃችሁ፣ ሠርጉ ላይ እነማን እንደነበሩ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ መተዋወቁን፣ አብራችሁ ኖራችሁ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ለዚህ መልስ ሰዎች የሚያዘጋጁት የሠርግ አልበም ነው። እኔ ግን የሠርግ ፎቶ ከሚገባው በላይ ይታመንበታል ብዬ አምናለሁ፤ ሠርግ የአንድ ቀን ነገር ነውና። ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው ማየት የሚፈልገው ከሠርጉ በኋላ ያለውን ተራ ቀን ነው።

ችግሩ የድሬዳዋ ተራ ቀን ወረቀት የለውም። ከዚራ የተከራየነው ቤት ለረጅም ጊዜ በቃል ስምምነት ነበር፤ የመብራቱም የውኃውም ቢል የሚመጣው በአከራያችን ስም ነው። አከራያችንን በጽሑፍ እንዋዋል ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ግር አላቸው፤ ምክንያቱን ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ሁለታችንንም ተከራይ አድርገው ፈረሙልን። የቤት ኪራዩን በቴሌብር መክፈል ጀመርን፤ ባለቤቴ ለአስቤዛ የሚልክልኝም በቴሌብር ስለሆነ፣ የወር ዝርዝሩ ሲወጣ የአንድ ቤት ወጪና ገቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ከእናቴና ከእሱ እህቶች ጋር የተነሣናቸው ፎቶዎች፣ ቀናቸውና ቦታቸው ከሥራቸው ተጽፎ ገብተዋል።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሰጠሁት ግን የእድራችንን መዝገብ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አላቸው። በአባሉ ስም ሥር የቤተሰቡ ስም በዝርዝር ይጻፋል፤ የእናቴ ስም በነበረበት ገጽ ላይ የእኔ ስም፣ ቀጥሎም በሌላ ቀለም የባለቤቴ ስም ከተመዘገበበት ቀን ጋር ሰፍሯል። በጎን በኩል ወርኃዊ መዋጮው የተከፈለበት ምልክት ይታያል፤ የአንዳንዱን ወር የከፈለው እሱ ስለሆነ ፊርማውም አለ። ይህን ገጽ የእድሩ ሊቀ መንበር ማኅተም አድርገው ቅጂውን ሰጡን፣ አስተረጎምነው፣ እኔም እድር ምን እንደሆነ፣ የአንድን ሰው ስም በቤተሰብነት መመዝገብ ሞት ሲመጣ ሰፈሩ የእሱን ለቅሶ እንደ ቤተሰቡ ለቅሶ ይቆጥረዋል ማለት መሆኑን በአንድ አንቀጽ አብራራሁ። ቪዛ ያስገኛል ተብሎ አንድም ሰው የማይጽፈው ወረቀት ስለሆነ ነው እኔ ከአልበሙ የማስበልጠው። የእናንተም ሕይወት እንዲህ ያለ መዝገብ አያጣም፤ እቁብም ይሁን የሰንበቴ ማኅበር፣ ወይም የሆስፒታል ካርድ ላይ የተጻፈ የአስታማሚ ስም።

የመመለሱ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ ሆኖ የሚያመለክት ዜጋ፣ የትዳር ጓደኛው ቋሚ ነዋሪነት ሲያገኝ አብሮ ካናዳ እንደሚኖር ማሳየት አለበት። ለዚህም የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርት ተቋም ቅበላ፣ የቤት ኪራይ ወይም ግዢ ሰነድ፣ ወይም ኑሮን መልሶ ለማቋቋም የተነደፈ ምክንያታዊ ዕቅድ ማቅረብ ይቻላል። «እመለሳለሁ» የሚል አንድ መስመር ግን ዕቅድ አይባልም። እኔ ቶሮንቶ ያለችው እህቴ ቤት እስክናገኝ እሷ ዘንድ እንደምንቀመጥ የሚገልጽ ደብዳቤዋን፣ ሳልዘጋ ያቆየሁትን የባንክ ሒሳቤን፣ ከቀድሞ አሠሪዬ ጋር የተጻጻፍኩትን፣ እናቴን ማን እንደሚረከብም ጭምር አስገብቻለሁ። የመጨረሻው ለአንዳንዶች ከጉዳዩ ውጭ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን የመጣሁት እናቴን ለማስታመም ነው ብዬ ከጻፍኩ፣ እሷን ጥዬ እንዴት እንደምሄድ ካልመለስኩ፣ አንባቢው ያንን ጥያቄ ራሱ ይጠይቃል። ታናሽ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከእናታችን ጋር ሊኖር መስማማቱን በፊርማው አረጋግጧል።

ገቢን በተመለከተ የሚወራው ብዙ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው፦ ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የተወሰነ ዝቅተኛ የገቢ መጠን አይጠየቅም። ኩቤክ ከተባለችው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውጭ ስፖንሰሩ ለትዳር ጓደኛው የሚገባው የመደገፍ ግዴታ ለ3 ዓመት ይጸናል፤ በመካከሉ ቢለያዩም ግዴታው አይቀርም።

ቀን መቁጠሪያ ሌላው ፈተና ነው። የባለቤቴ የልደት ቀን ታኅሣሥ 25 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ሰርተፊኬቱን የተረጎመው ሰው 7 ዓመት ደምሮ 1990 ብሎ ጻፈው፤ ታኅሣሥ 25 ግን የአውሮፓውያን ዘመን ከተለወጠ በኋላ የሚውል ስለሆነ ትክክለኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1991 ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለውም ይኸው ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ የተወለደ ሰው ይህን በራሱ እጅ ቆጥሮ ያረጋግጥ። የስም አጻጻፍም እንዲሁ፣ ሰነዱ ሁሉ ፓስፖርቱን መከተል አለበት። ትርጉሙን የቤተሰብ አባል መሥራት እንደማይፈቀድለትም አይዘንጋ።

ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን የልጅ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ከቀድሞ ግንኙነቱ የወለዳት ልጅ አለችው፤ የምታድገው ሐረር በአያቷ እጅ ነው። ለጊዜው ከእኛ ጋር አትሄድም። የካናዳ ደንብ ግን አመልካቹ አብሮት የማይሄደውንም ልጅ እንዲያሳውቅና የጤና ምርመራ እንዲያስደርግለት ያስገድዳል፤ ሳይገለጽና ሳይመረመር የቀረ ልጅ፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወደፊት በቤተሰብነት ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። አማቴ ይህን ስንነግራቸው አልወደዱትም። «ልጅቷ የትም አትሄድብኝም፤ ታዲያ ስሟን ምን አስጻፋችሁት? አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ማንገላታቱስ ለምን?» አሉኝ። «እማማ፣ ዛሬ ስሟን ካልጻፍንና ካላስመረመርናት፣ ነገ እርስዎ ራስዎ ልጄን ውሰዱልኝ ቢሉን እንኳ በሩ ይዘጋብናል» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ልጅቷን ጠርተው ፀጉሯን እየዳሰሱ «በባቡር ነው የምትወስዷት በአውሮፕላን?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ፈቃዳቸውን እንደሰጡ ገባኝ። ልጃቸውን ወይም የባላቸውን ልጅ «ፋይሉን ያከብድብናል» ብለው እንዲደብቁ የሚመክሩ ጉዳይ አስፈጻሚዎች አሉ፤ የእንዲህ ያለ ምክር ዋጋ የሚከፈለው በልጁ ዕድሜ ስለሆነ፣ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙት።

የቀረው ሥራ በአብዛኛው መንገድ ነው። ማመልከቻው በኦንላይን ስለሚገባ ከድሬዳዋ መነሣት አያስፈልግም፤ አሻራና የጤና ምርመራ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ምርመራውም በካናዳ በተፈቀደለት ሐኪም ብቻ ነው። ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ደግሞ ባለፉት 10 ዓመታት 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተኖረበት አገር ሁሉ ይጠየቃል። ባለቤቴ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠርቶ ስለነበር የእዚያንም ማምጣት ነበረበት። የድሬዳዋ ሰው ጅቡቲን እንደ ውጭ አገር ስለማይቆጥራት ብዙዎች ይህን ሳያስቡት ይቀራሉ።

ክፍያዎቹ በየጊዜው ስለሚከለሱ በምትከፍሉበት ቀን ከካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ እዩ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ተመን የስፖንሰርነቱ፣ የማመልከቻውና የቋሚ ነዋሪነቱ ክፍያ ተደምሮ 1,205 የካናዳ ዶላር ነበር፤ የአሻራው ለብቻ ነው። የጤና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር በመሆኑ፣ ቪዛው ሲመጣ የመግቢያው ቀነ ገደብ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ እዚህ ያለውን ሥራና ቤት የመልቀቁን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል። ጉዳዩ ውድቅ ቢደረግ ስፖንሰሩ ካናዳ ለሚገኘው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል ይግባኝ የሚለው የእምቢታው ምክንያት በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው በኢሜይል ስለሚመጣ፣ በጉዳይ አስፈጻሚ ሳይሆን በራሳችሁ ኢሜይል አመልክቱ፣ የይለፍ ቃሉም በእጃችሁ ይሁን።