በእንቁጣጣሽ የተዘጋ ማመልከቻ

ቱሉ ዲምቱ፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀን ማስታወቂያው በወጣበት በሚያዝያ ወር ባነበውም፣ ሴፕቴምበር 11 የእኛ መስከረም 1፣ የብራስልስ 17 ሰዓትም የእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑን ያስተዋልኩት ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በዓሉ ረቡዕ ስለዋለ ዶሮው ለሐሙስ ተላልፏል፤ ቢያንስ ከእሱ አልቀረሁም። አደይ አበባ የያዙ የሰፈር ልጆች የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየዘፈኑ ሲወጡና ሲወርዱ፣ እኔ ከ10 ገጽ እንዳይበልጥ ከተወሰነው የምርምር ዕቅድ ላይ ሩብ ገጽ ለመቀነስ ስታገል ዋልኩ።

የማጠናው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ በከብት አጥንት ከሰል ስለ ማጣራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ስለሚያልፉ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። አየር በተነፈገው ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት የተቃጠለ አጥንት ጠቁሮ ይወጣል፤ ሙቀቱ ካለፈ ይነጣል፣ የነጣው ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል።

ከ2 ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ዳር ያለ አንድ ተቋም «ተመራማሪ፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት» የሚል ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ የትምህርት ማስረጃዬን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዤ ተመዘገብኩ። በቃለ መጠይቁ ላይ የትኞቹን ኮርሶች መስጠት እንደምችል እንጂ ምን ማጥናት እንደምፈልግ የጠየቀኝ አልነበረም። ተቀጥሬም በየሴሚስተሩ 12 ክሬዲት ሰዓት ሳስተምር፣ ያጠራቀምኩት አጥንት ከነማዳበሪያው ጥግ ይዞ ከረመ። የማቃጠያ ምድጃውን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር ኃላፊዬ «በግዥ ሂደት ላይ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እስክለቅ ድረስ ከሂደቱ አልወጣም።

በዚያ ተቋም ላይ ስንት ጊዜ አማርሬአለሁ። ይኸኛው ማመልከቻ ግን ያንኑ ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲያቀርብልኝ፣ ለ3 ሳምንት አንድ ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቃተኝ። ለካ አለመጠየቄ ለእኔም ተመችቶኝ ኖሯል፤ ምድጃ የለም እያልኩ ጥያቄዬን ሳላጠራ ከርሜአለሁ። በመጨረሻ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ፍሎራይድ የጠገበውን ከሰል አንዲት የገጠር እናት ቤቷ ሆና መልሳ ልታድሰው የምትችለው እንዴት ነው? ማመልከቻውን አብሮኝ የሚያስገባው የተቀባዩ ተቋም ፕሮፌሰር ከቀሩት ዘጠኝ ገጾች ይልቅ ይህቺን መስመር ወደዳት።

ልጆቹ በሬን ያንኳኩት ፋይሉ እየተጫነ ሳለ ነበር። 50 ብር ሰጥቼ ስመለስ ገብቶ ቆየኝ። ውጤቱ የሚነገረው የካቲት ላይ ነው። ትናንት ደግሞ የሰፈራችን የሉካንዳ ቤት ባለቤት በስልክ ደውለው፣ «የበዓሉን አጥንት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አስቀምጬልሃለሁ፤ ውሻ ሳይቀድምህ ናና ውሰድ» አሉኝ።