ከደሴ ወደ ካናዳ የቤት ዕቃ ስናስልክ የተማርኩት

እኔና ባለቤቴ ፒአር (የካናዳ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ወጥቶልን ከደሴ ወደ ኤድመንተን ስንሄድ ሻንጣ ሻንጣችንን ይዘን ሌላው ዕቃ በኋላ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ይመጣል ብለን ነበር፣ ጭንቀታችን በሙሉ የማጓጓዣው ዋጋ ነው እንጂ ጉምሩክ የሚባል ነገር ትዝም አላለን። ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት ደውላ "ሻንጣውን ተወውና መጀመሪያ ለጉምሩክ የሚሰጠውን የዕቃ ሊስት ስራ" ያለችኝ፣ አላህ ይስጣት።

ካናዳ ለመኖር የሚገባ ሰው የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል፣ ግን ዕቃው ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁ የሆነ፣ እጃችሁ ላይ የነበረ እና የተጠቀማችሁበት መሆን አለበት። ሦስቱም። ለጉዞው ብላችሁ ገዝታችሁ ከነካርቶኑ የላካችሁት አይሆንም። በገባችሁ በ12 ወር ውስጥ ከሸጣችሁትም ቀረጡ ይመጣባችኋል።

ዋናው ነገር ሊስቱ ሁለት ነው፣ አንዱ አብሯችሁ የሚገባው፣ ሌላው በኋላ የሚመጣው፣ ዕቃው ገና ደሴ ተቀምጦም ቢሆን ሁለቱንም መጀመሪያ ኤርፖርት ስትደርሱ ነው የምታቀርቡት። እኔ "የቤት ዕቃ 6 ካርቶን" ብዬ ጨርሻለሁ ስል የአክስቴ ልጅ እንደገና አስጀመረችኝ፣ አንድ በአንድ፣ ከነዋጋው፣ ሲሪያል ቁጥር ያለው ከነቁጥሩ። ሦስት ማታ ፈጀብን ወላሂ፣ ባለቤቴ መሶብ፣ ረከቦት፣ ጋቢ ሁለት እያለች ትጠራለች እኔ እጽፋለሁ፣ ወርቋንም ወርቅ ሰሪ ጋ ወስደን አስመዝነን ግራሙን አስጽፈን ፎቶ አነሳነው። ጉምሩክ ዕቃውን የሚመዘግብበት ፎርም ቢኤስኤፍ 186 ይባላል፣ ድሮ ቢ4 ሲሉት የነበረው ነው። ኮፒውን እንዳትጥሉት፣ ዕቃው ሲደርስ የምታሳዩት እሱን ነው።

እናቴ ግን እኛ ከሄድን በኋላ ካርቶኑ ሲታሸግ የስፌት መኪናዋን ጨምራበት ኖሯል። ሊስቱ ላይ የለ፣ የኛ አልነበረ፣ አልተጠቀምንበት፣ ስለዚህ ታክሱን ከፈልኩ። ብሩ አልቆጨኝም፣ እኛን ያሳደገች መኪና ናት፣ ግን ቤተሰብ ላይ እቃ እንዳይጨምር ቀድማችሁ ንገሩ።

ሳጥን ደግሞ ሰፈር አናጢ አታሰሩ። የማሸጊያ እንጨት 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያገኘና የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት ያለበት ማህተም የተመታበት መሆን አለበት፣ የኛ ስላልነበረው ፈትተን ሁሉንም ወደ ካርቶን ገለበጥነው። ቋንጣም አይገባም፣ አትድከሙ።

ያሳዘነኝ የአያቴ ኪታብ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ የቆዳ ልባሱ ጫፍ ጫፉን ተበልቷል። እንዲህ ያለ የቆየ ነገር በአዋጅ 209/1992 ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ እኔ መጀመሪያ ልብስ መሀል ልጠቅልለው ብዬ አስቤ ነበር፣ አጎቴ ግን "ልጄ፣ የሚቀራው ሰው ያለው እዚህ ነው" አሉኝና ዝም አልኩ። አሁን ሸዋ በር እሳቸው ቤት ነው ያለው፣ በረመዳን ልጃቸው አንድ አንድ ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል።