ጨቅላ ካርፔት ፓይተን ስመግብና ሳሳድግ፦ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ከዚያ አይጧ

ጨቅላ ዘንዶ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ስሞታ «አልበላ አለኝ» ነው። ወዲያው የአይጥ ዓይነት መቀያየር ይጀምራል። እኔ ግን ከአይጧ በፊት ቴርሞሜትሩን አያለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

የማሳድገው የባሕር ዳርቻውን ካርፔት ፓይተን የተባለውን የዘንዶ ዝርያ ነው፤ አገሩ የአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከኩዊንስላንድ እስከ ሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ተጠምጥሞ ነው። ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜትር ያልፋል፤ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። የምኖርበት ሜልበርን ደግሞ ለእሱ ብርድ አገር ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ክፍሉ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት እንስሳውን ለማቆየት የዱር እንስሳት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን አውጡ።

ለ30 ግራም ጨቅላ 7 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ በመቆለፊያ የሚያዝ የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። ትልቅ ቤት ደግነት ይመስላል፤ ጨቅላው ግን ጠላቶቹ ብዙ ስለሆኑ ሜዳ ላይ የተጣለ ያህል ይፈራል፣ ሲፈራም አይበላም። ጎንና ጎኑን በጋለ ብረት በሳሁት፤ ቀዳዳዎቹ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጭንቅላቱ የገባበት ቀዳዳ ቀሪውን አካሉን ስለሚያሳልፍ፣ የክዳኑን ዙሪያ በጣት እየዳሰሳችሁ ክፍተት ፈልጉ። ወለሉ ላይ የወጥ ቤት ሶፍት አነጥፋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ኩሱም ሆነ የተፋው ወዲያው ይታያል። አንድ መደበቂያ በሙቁ ጫፍ፣ አንድ በቀዝቃዛው፤ ሁለቱም ጠባብ፣ ዘንዶው ሲገባ ጀርባው ጣሪያውን የሚነካ። አንዱን ብቻ ካስቀመጣችሁ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን እንዲመርጥ ታስገድዱታላችሁ፤ እሱም መደበቁን መርጦ ይበርዳል። ከዚያ የውኃ ሳህንና የአመልካች ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው አግዳሚ እንጨት ይጨመራል። ካርፔት ፓይተን ቆጥ ላይ ማደር ይወዳል።

ሙቀቱ የሚመጣው ከሣጥኑ ሥር፣ ከወለሉ ሲሶ ያህሉን ብቻ ከሚያሞቅ ማሞቂያ ገመድ ነው። ሙቁ ጫፍ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 26። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) አይሰካም፤ ልጓም የሌለው ገመድ ሆድ ያቃጥላል፣ እባብም ቶሎ አይሸሽም። የቴርሞስታቱ ሙቀት ለኪ ጫፍ በገመዱና በሣጥኑ መካከል በማጣበቂያ ይታሰራል። ሣጥን ውስጥ ልቅ ሆኖ ከተቀመጠ ዘንዶው ይገፋዋል፤ ያኔ ቴርሞስታቱ ቀዝቃዛውን ጥግ እየለካ ገመዱን ማጋሉን ይቀጥላል። በቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሶፍቱን ራሱን ለኩ። ሣጥኑን ባዶውን 3 ቀን አስኬጄ ቁጥሩ ሳይዋዥቅ ስመለከት ነው ጨቅላውን የማስገባው።

ከገባ በኋላ ለ7 ቀን ውኃ ከመቀየር በቀር አልነካውም። ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ ስንት ጊዜ በላ፣ ምን በላ፣ የሞተ ነው ወይስ በሕይወት ያለ? ቢያንስ 3 ጊዜ ፈቅዶ ያልበላ ጨቅላ ለጀማሪ አይሆንም።

መጠኑን በግምት አልተውም። በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ዘንዶውን እመዝናለሁ፤ አይጧ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትሆናለች። 30 ግራም ለሚመዝን ከ3 እስከ 4.5 ግራም ማለት ነው፤ ይህም ጠጉር ማብቀል የጀመረች የአይጥ ግልገል ናት። ሮዝ ቀለም ያላት፣ ጠጉር የሌላት አራስ ግልገል ከ1 እስከ 2 ግራም ብቻ ስለሆነች ለዚህ ዘንዶ ታንሳለች። በየ7 ቀኑ አንድ። 200 ግራም ገደማ ሲደርስ ወደ 10 ቀን፣ ከዚያ ወደ 14 ቀን አሰፋዋለሁ። በሕይወት ያለ አይጥ አልሰጥም፤ የተጨነቀ አይጥ የዘንዶን ዓይንና ጀርባ ይነክሳል።

ሞታ በረዶ የሆነችው አይጥ በዋዜማው ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ትወርዳለች። በማግስቱ ሲመሽ በታሸገ ፌስታል ሆና 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ትቆያለች። ሆዷን በጣት ጫን ብዬ በረዶ አለመቅረቱን አያለሁ፤ መሐሏ የቀዘቀዘ አይጥ ሆድ ውስጥ ትበሰብሳለች እንጂ አትፈጭም። የፈላ ውኃና ማይክሮዌቭ ክልክል ናቸው፤ ሆዷ ይፈነዳል፣ ማይክሮዌቭማ አንዱን ወገን አብስሎ ሌላውን በረዶ ይተወዋል። ከዚያ በሶፍት አደርቃታለሁ፤ ልሰጥ ስል ጭንቅላቷን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ሙቅ ውኃ አስነካለሁ። ዘንዶው በከንፈሩ ዳር ባሉት ጉድጓዶች ሙቀትን ስለሚለይ፣ ከክፍሉ በጉልህ የሞቀው ጭንቅላት ዒላማው ይሆናል፤ በጭንቅላት የጀመረ መዋጥም ይቀላል።

መብራቱን አደብዝዤ፣ 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ወረንጦ አይጧን ከወገቧ ይዤ፣ በጎን በኩል ቀስ አድርጌ አቀርባለሁ። ከላይ የሚመጣ ነገር ለጨቅላ አሞራ ነው። ነክሶ ከተጠመጠመ ወረንጦውን ለቅቄ እጄ እንደ ድንጋይ ይቆማል፤ ክዳኑን በዝግታ እዘጋለሁ። እዚህ ላይ ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ስንቱን እራት እንዳስተፋ! በ15 ደቂቃ ካልወሰደ አይጧን መደበቂያው በር ላይ ትቼ መብራት አጠፋለሁ። ያደረችው አይጥ ጠዋት ትጣላለች፤ ተመልሳ ፍሪዘር አትገባም።

እምቢ ሲል በየቀኑ ማቅረብ ፍርሃቱን ያብሰዋል፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን እጠብቃለሁ። በመካከሉ ሙቀቱን፣ መደበቂያዎቹንና ዓይኑን አያለሁ፤ ዓይኑ እንደ ወተት ከደፈረሰ ቆዳ ሊጥል ነውና እስኪጥል ምግብ ይቆማል። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ካልበላ አይጧን አሳንሳለሁ፣ ቀጥሎ በዶሮ ወይም በድርጭት ላባ አሻታለሁ፣ በመጨረሻም አየር ማስገቢያ ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሁለቱን ሙቁ ጫፍ ላይ አሳድራለሁ። ክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ ግን ዘዴ መደርደር ይበቃል፤ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ሐኪም ጋ ይሂድ። አፍ ከፍቶ በግድ ማጉረስ የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ጉሮሮ ይቀደዳል።

ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካም። የተፋ እንደሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ሙቀቱ ወርዷል፣ አይጧ ተልቃለች፣ ወይም ተነክቷል። «ተርቧል» ብሎ በማግስቱ መድገም ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሆዱ አሲድና ጉሮሮው እስኪያገግሙ 14 ቀን ውኃ ብቻ፣ ከዚያ የተለመደውን ግማሽ የምታህል አይጥ። ሁለተኛ ጊዜ ከተፋ ወደ ሐኪም።

ጨቅላ ካርፔት ፓይተን ይነክሳል፤ ጥርሱ መርፌ ያህል ነው፣ ጭረቱ በሳሙና ይታጠባል። ጥርሶቹ ወደ ኋላ የዞሩ ስለሆኑ እጅን መንጠቅ ሥጋችሁንም ድዱንም ይቀድዳል። እስኪለቅ መጠበቅ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ይሻላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንዴ የተነከሰ ሰው ከዚያ ወዲያ እየተንቀጠቀጠ ያነሣዋል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ እንደገና ይነከሳል። እኔ በጫፏ በታጠፈች ቀጭን ዘንግ አንገቱን በቀስታ ነክቼ «እራት አይደለም» ካልኩት በኋላ ከወገቡ ነው የማነሣው፤ መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ ያውም 3 ወይም 4 ጊዜ ከበላ በኋላ። ምግብ ለመስጠት ወደ ሌላ ሣጥን ማዛወር የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ተውኩት። የራበውን ዘንዶ ማንሣት ያስነክሳል፣ የጠገበውን ማንሣት ያስተፋል።

ዓይኑ ደፍርሶ እንደገና ሲጠራ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ይወርዳል። በዚያ ሰሞን እርጥብ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የሞላባት መደበቂያ እጨምራለሁ። የወጣውን ቆዳ ዘርግቼ የዓይን ሽፋኖቹንና የጅራቱን ጫፍ እፈልጋለሁ። ጅራት ላይ የቀረ ቆዳ ሲደርቅ ደም ያግዳል፤ ለብ ባለ እርጥብ ፎጣ መካከል እንዲሳብ ስታደርጉት ይላቀቃል። የዓይን ሽፋን ከቀረ ግን በወረንጦ አትንኩት፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ።

ወደ ትልቁ የአይጥ ዝርያ (በእንግሊዝኛ ራት) ማሸጋገሩን አላዘገየውም። ያደገች ተራ አይጥ 25 ግራም ገደማ ናት፤ ለጎልማሳ ዘንዶ ጉርሻ አትሆንም። አንድ ዓመት ሙሉ ተራ አይጥ ብቻ የበላ ዘንዶ የትልቁን አይጥ ሽታ ምግብ አድርጎ ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ 60 ግራም ገደማ ሲሆን የትልቁን ዝርያ ግልገል፣ መጠኗ ያው ሆኖ፣ ከተራዋ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጌ በረዶዋን አቀልጣለሁ፤ ሽታው ይተላለፋል። 3 ጊዜ እንዲህ ከበላ በኋላ ተራዋን አስቀራለሁ።