ብሎን ያለው እግሬ 21 ኪሎ ሜትር ሮጠ

በቃ ጨረስኩት! 21 ኪሎ ሜትር፣ 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ፣ ለሯጭ ያሳፍራል እኔ ግን አላፈርኩም። ከ14 ወር በፊት ባጃጅ ገጭቶኝ ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረትና 7 ብሎን ገብቶበታል፣ እናቴማ ወጌሻ ካላየው ብላ ስንት ቀን አኩርፋለች። አጀማመሬ 1 ደቂቃ ሶምሶማ 2 ደቂቃ እርምጃ ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ካመመኝ መቀነስ ካላመመኝ ትንሽ መጨመር፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወራት ሄዱ።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ከባህር ዳር ጣና ዳር ተነሳሁ፣ አዲሱን የአባይ ድልድይ 380 ሜትሩን እየዘለልኩ አለፍኩት፣ ጉዱ የመጣው ቤዛዊት ዳገት ላይ ነው። ላቤ ይንቆረቆራል፣ ብረቱ ያለበት ቦታ ግን ይቀዘቅዘኛል፣ ግራ የሚገባ ነገር። ቆሜ እግሬን ሳሻሽ እንጨት የተሸከሙ እናት አዩኝና "ምነው ልጄ፣ ማን አባሮህ ነው?" ኧረ ማንም እማማ፣ ስፖርት ነው ስላቸው "በል እንግዲያ ይሄን እንጨት ይዘህልኝ ሩጥ" ብለውኝ እርፍ! በሳቅ ዳገቱ አለቀ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሶ በጥብጣ ጠበቀችኝ፣ አንድ ጆግ ጨረስኩ። ማታ ደረጃውን የወረድኩት ግን የኋሊት ነው።