ስላክ፣ ጀልባና የሀበሻ ሰዓት

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሁለቱም ካፒቴኖቻችን ስልክ እኩል ጮኸ። ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኔን ግን ወራት ነው የፈጀብኝ።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ እንግዳ በጀልባ የምታስጎበኝ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ነን። ድሮ ሁሉም ነገር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበር፤ የእንግዳ ስም፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል የአበባ ፎቶ። አንድ ቀን ክብራን ገብርኤል የሚሄዱት እንግዶች ስንት እንደሆኑ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት አበባ ሳገላብጥ ቆየሁ። ያን ቀን ስላክ ወደሚባለው የሥራ መልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ እንድንዛወር ቆረጥኩ።

አጀማመሩ ቀላል ስለሆነ አልተርክላችሁም። ሦስት ቻናል (ለየጉዳዩ የተለየ የመልእክት ክፍል) ከፈትኩ፦ ዘጌ፣ ነዳጅ፣ ወሬ። "ወሬ" የምትለዋን እንዳትንቋት። ሰው መቀለጃ ቦታ ካላገኘ ነዳጁ ላይ ይቀልዳል።

ያንገበገበኝ ሰዓቱ ነው።

ወደ ዘጌ የምትሄደው ጀልባ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ትነሣለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው በጊዜ መውጣት ይሻላል። ነዳጅ ደግሞ ከዚያ በፊት መሞላት አለበት። ስለዚህ ስላክ ላይ በሰዓቱ የሚያስታውስ መልእክት፣ ሪማይንደር የሚሉትን፣ ሞላሁ፦ 12:30፣ ኤኤም። ጠዋት አይደል? ኤኤም ነዋ! ስላክ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። ለእሱ ያ ማለት ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው።

ጠዋት ወደብ ስደርስ አራት እንግዶች ላይፍ ጃኬታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ታንኩ ባዶ። ካፒቴኑ ጀሪካን ይዘው በባጃጅ ወደ ማደያ በረሩ። ሲመለሱ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ሌሊት ነው እንዴ ሥራ የሚገባው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አስተካክዬ 6:30 ኤኤም አደረግኩት። አሁንም ዝም! ስልካቸውን ተቀብዬ ሳየው መልእክቱ በሰዓቱ ገብቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ኔትወርክ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ። ምስኪን። ለካ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ኖቲፊኬሽን ዝም የሚያሰኝ "አትረብሹኝ" የሚሉት ነገር ከመጀመሪያው ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ሴቲንጉን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ለቢሮ ሰው ደግ ነገር ነው። የእኛ ጀልባ ግን 2 ሰዓት ላይ ሐይቁ መሐል ናት። የየካፒቴኑን ስልክ ተቀብዬ ዝምታው ጠዋት 11 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አደረግኩት።

ቢሮ ውስጥ "ሁሉም ሰው የፈረንጅ ሰዓት ይልመድ" ያለ ልጅ አለ። አልስማማም። ስላክ በ2014 ለሕዝብ ሲቀርብ (2014 በፈረንጅ ነው፤ ዓመቱም ያው ጣጣ አለበት) ካፒቴናችን ይህን ሐይቅ በሀበሻ ሰዓት ሲያቋርጡ ዘመናት አልፈዋል። ቻናል ላይ ሁሉም በሀበሻ ይጽፋል፤ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ብሎ መጨመር ግን ግዴታ ነው። የሚቀይረው ሪማይንደር የሚሞላው ሰው ብቻ ነው፤ ማለትም እኔ። ሒሳብ አልወድም፤ ስለዚህ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ከ12 ፊት ለፊት ያለው ቁጥር 6 ነው፣ ከ1 ፊት ለፊት 7። ትይዩውን አንብቦ መጻፍ ነው።

ስሬድ ላይ፣ ማለትም እዚያው መልእክቱ ሥር፣ መልሱ ብዬ መለመን ትቻለሁ። ሁለት ሰው ይመልሳል፣ ሰባቱ ከታች አዲስ ይጽፋል። ይጻፉ።

አንድ ነገር ግን ስሙኝ፦ ነጻው ስላክ ላይ 90 ቀን ያለፈው መልእክት አይታይም። ይህን ያወቅኩት የሞተሩ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ስፈልግ ነው። ለሌላው አስተምራለሁ እያልኩ እኔ አሁን ጥገናውን ደብተር ላይ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ስልኩ ጮኸ ብያችኋለሁ። እውነት ነው። ግን 12 ሰዓት ከ35 ላይ ያን ቀን ጀሪካን ይዘው ለበረሩት ካፒቴን ደወልኩላቸውም። "ማደያ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ማሽንህ ነግሮኛል" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።