መቼ ነው የሚጮኸው?

እማዬ ከፊት ወንበር ስትቀመጥ እግሯ የሚያርፈው ከቀኙ ጎማ ጀርባ ነው። ስለዚህ ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ባለፈው ጥቅምት ቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀድሰን ስንመለስ፣ አባይ ማዶ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ እንደወጣን፣ «ልጄ፣ ከእግሬ ሥር የሚያንኳኳ ነገር አለ» አለችኝ። ሬዲዮኑን ዘጋሁ። እውነቷን ነው። ቋ፣ ቋ ይላል፤ በር ላይ ቆሞ በጣቱ አጥንት እንደሚያንኳኳ ሰው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1996 ስሪት ኮሮላ ናት፣ ባለ 1.3 ሞተር። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስሆን በዚያ ሰዓት ባጃጅ ስለማላገኝ እሷ ከሌለች ከነጭራሹ አይሆንልኝም። በማግስቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን አንድ ጊዜ ተጭኖ ለቀቀና «ሾኩ አልቋል፣ ሁለቱም ይቀየሩ» አለ፤ ሾክ የጎማውን መንጠር የሚያበርደው ክፍል ነው። የወር ደመወዜን የሚጠጋ ብር ከፍዬ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ ያው ቋ፣ ቋ። መኪናዋን አቁሜ መሪው ላይ ተደፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከበር ላይ ሆነው አይተውኝ መጡ። ከፊት በቀኝ በኩል እንደሚጮህ ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «የት እንደሚጮህ ተይው። ብረት ድምፅ ያሻግራል፣ የግራው በቀኝ ይሰማል። መቼ እንደሚጮህ ንገሪኝ።»

ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ሆዴን ብሎ የመጣን ታማሚ «የት ጋ ነው?» ብለን አናበቃም። ሲበሉ ነው ሲራቡ? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ሲያጎነብሱ ይብሳል? ከሆዱ ላይ ያለው ጣቱ የማይነግረንን ሰዓቱ ይነግረናል። ለመኪናዬ ግን ይህን ሳልጠይቅ ሾክ አስቀየርኩላት።

አንድ ደብተር ከመኪናው ኪስ አስቀመጥኩና ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ። ጋሼ ማታ ማታ እያነበቡ ነገ የምሞክረውን ይነግሩኝ ነበር።

መጀመሪያ ያዘዙኝ በእግር እርምጃ ፍጥነት ኮብልስቶኑ ላይ እየነዳሁ ፍሬኑን በጣም በስሱ እንድነካ ነው። ያኔ ድምፁ ጸጥ ካለ የሚያንኳኳው የፍሬን ሸራው ወይም ሸራውን የሚጨምቀው ካሊፐር ነው፤ ስትነኪው ስለሚጨመቅ መንቀጥቀጡን ያቆማል። የእኔው አላቆመም።

ቀጥሎ ስታቢላይዘሩ። ይህኛውን ፈተና በጣም ነው የወደድኩት። ስታቢላይዘር ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዝ ዘንግ ነው፤ ሥራው አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ ሲነሳ መጠምዘዝና መኪናው እንዳያዘነብል መያዝ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡት ዘንጉ አብሮ ይነሳል እንጂ አይጠመዘዝም። ስለዚህ ጉብታውን ቀጥ ብለሽ ስትወጪው ዝም ብሎ፣ አንዱን ጎማ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ ስታስገቢ ካንኳኳ፣ ጣትሽን ወደ ስታቢላይዘሩ ሊንክ (ማያያዣ ዘንግ) እና ጎሚኒዎች (ብረቶቹ መካከል ያሉ ላስቲኮች) መቀሰር ትችያለሽ። የእኔ በሁለቱም ያንኳኳል፤ እንዲያውም ጉብታው ላይ ፍሬን ይዤ ከሆነ ይብሳል። ያቺን «ፍሬን ይዤ» የምትለዋን ጋሼ በእስክሪብቶ አሰመሩባት።

የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰውን መታጠፊያ፣ ሲቪ ጆይንቱን፣ በአጭሩ ጨረስነው። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከመጨረሻው አዙሬ ነዳጅ ስሰጥ ቀጭ ቀጭ አላለም። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም ቢሆን በ2016 ግንቦት በተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ታየ። 380 ሜትር ያህል ለስላሳ መንገድ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፍጥነት በጨመርሽ ቁጥር እያደገ የሚሄድ እምምም የሚል ድምፅ ያወጣል። የእኔ ድልድዩን ሙሉ ዝም ብላ ተሻገረች።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ ግን ከድልድዩ መውጫ መኪኖች ተደርድረው ነበር። ቀስ ብዬ ስይዝ አንድ ጊዜ ድም አለ። ትንሽ ተንቀሳቅሼ እንደገና ያዝኩ፤ እንደገና ድም። ቤት ስደርስ ወደ ኋላ ነድቼ ያዝኩ፤ ያው አንድ ጊዜ ድም። ጉድጓድ የለም፣ ጉብታ የለም፣ ግን ይጮሃል። ደብተሩን ይዤ ሌሊቱን የጋሼን በር አንኳኳሁ።

«ብራቾው ነው» አሉ። ብራቾ የሚሉት ጎማውን ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የሚያገናኘውን የታችኛውን ክንድ ነው። ፍሬን ስንይዝ መንገዱ ጎማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ኋላ እየነዳን ስንይዝ ደግሞ ወደ ፊት። ይህን ግፊት የሚያቆመው የብራቾው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲበጠስ ክንዱ ይንሸራተትና ብረት ከብረት ይመታል። ሾክ በዚህ ውስጥ የለበትም።

ቅዳሜ መመርመሪያ ጉድጓድ ያለው ሌላ ጋራዥ ሄድን። ጋሼ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንድገባ አይፈቅዱም፣ እኔም አልገባም፤ በዚህ ምክንያት ተጎድቶ የመጣ ሰው ተቀብዬ አውቃለሁ። ጎማውን አንስተን፣ ከታች በብረት ተደግፎ፣ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ይዘን ነቀነቅነው፤ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ታይሮዱ፣ ደህና ነው። ከዚያ ላይና ታቹን፤ ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መታጠፊያ፣ ቦልጆይንቱም፣ ደህና ነው። (ላይና ታች ሲነቀነቅ ልቅ ከሆነ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦልጆይንቱን ተመልከቱ።) በመጨረሻ መካኒኩ ረጅም ብረት በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ገፋ ሲያደርገው የኋለኛው ጎሚኒ እንደ አፍ ተከፈተ። ላስቲኩ ከመካከለኛው የብረት ቱቦ ሙሉ በሙሉ ተላቋል።

ያናደደኝ ግን መበጠሱ አይደለም። ያ ጎሚኒ አዲስ ነበር! ከስምንት ወር በፊት ሌላ ቦታ አስቀይሬው ነበር፤ ደረሰኙ እስካሁን አለኝ። እቃው የማይረባ መስሎኝ ነበር። ይኸኛው መካኒክ «ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ያጠበቁት» አለኝና በእጁ አሳየኝ።

ጎሚኒ ሁለት የብረት ቱቦዎች በላስቲክ የተጣበቁበት ነገር ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ሻንሲው ላይ ይነክስና አይዞርም። የሚዞረው ላስቲኩ ነው፣ ተጠምዝዞ። መኪናው ተነስቶ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት፣ ለላስቲኩ የማረፊያ ቦታው ያ ይሆናል። መኪናው መሬት ሲወርድ ቆሞ እንኳ የተጠመዘዘ ነው። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ኮብልስቶን ሌላ ጥምዘዛ ይጨምርበታል። ወራት ሙሉ አንገቱን አዙሮ የተኛ ሰው አስቡ።

ስለዚህ አዲሱን ሲያስገባ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስያዛቸው። መኪናዋን በጎማዎቿ አወረዳት፣ ፊቷን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጫንናት፣ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ክብደቷ ላይዋ እንዳለ አጠበቀው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልጨመረበትም። ጎሚኒ የምታስቀይሩ ሁሉ እባካችሁ እዚያው ቁሙና ይህን ለምኑ። ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ፣ አስለካሁ።

ሌላም አለ። ድምፅ ሲሰማ የተቃጠለ ዘይት ጎሚኒው ላይ የሚያፈስ ሰው ብዙ ነው፣ የእኔም ላይ ፈሶበት አግኝተነዋል። ዘይት ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ለሳምንት ዝም አሰኝቶ ዕድሜውን ይበላዋል። ለምርመራ ከሆነ የሳሙና ውኃ ይበቃል። ሲጥ ሲጥ የሚለው ላይ ርጩበትና ለጊዜው ከጠፋ ላስቲክ ነው።

እሑድ ከእማዬ ጋር ስንመለስ ኮብልስቶኑ ላይ እግሯን ከቦታው አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ምንም አላለችም። ቤት ልንደርስ ስንል «ዝም አለ አይደል?» አለችኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ቆሜ መሪ ሳዞር በግራ በኩል ሲጥ ይላል። ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ቆሞ፣ በብርድ፣ ወደ ግራ ብቻ። ቅዳሜ ጋሼ መሪውን ያዞሩልኛል፣ እኔ እጄን የሾኩ ሞላ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ሞላው ቀስ ብሎ ከመዞር ይልቅ ተጠራቅሞ ዘለል ካለ ሾኩ ከላይ የሚዞርበት ሌላ ኩሽኔታ ይዟል ማለት ነው። ካልዘለለ ወደ ቦልጆይንቱ እወርዳለሁ።